እጅህን አውርድ

ከፋለ ልብስ ሰፊው በሰው ፊት እጁን ማንሳት ከተወ ቆይቷል። መኪና ማስቆም ሲፈልግ መንገዱ መሀል ገብቶ ይገተራል እንጂ እጁን አይዘረጋም፤ ሾፌሮች ወርደው እስኪሰድቡት ድረስ። ወዳጁን ከሩቅ ሲያይ ሰላም የሚለው በአገጩ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» በተባለ ቁጥር አዳራሹ ሙሉ እጅ ሲሆን፣ እሱ ሁለቱን መዳፎቹን ብብቱ ሥር ቀብሮ ይቀመጣል። በዚህ የተነሳ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠርቶ «ምን ቅሬታ አለህ?» ብሎታል። ቅሬታስ ነበረው፤ ሆዱን የሞላ ቅሬታ። ግን ከመንግሥት ጋር አልነበረም። አራጋው ከሚባል አንድ ሰው ጋር ነበር፤ ይህን ለሊቀ መንበሩ ቢነግረው ደግሞ ማን ያምነዋል?

ነገሩ የጀመረው በዘጠና አምስት ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የላሊበላ ከተማ ቡድን በገዛ ሜዳው ለወረዳዎች ዋንጫ ከጎረቤት ወረዳ ከተማ ከፍላቂት ጋር ገጠመ። ከፋለና አራጋው የመሀል ተከላካዮች ነበሩ። ልጆች ሳሉ መሪጌታ አለሜ ዘንድ ዜማ አብረው ተምረዋል፤ ከአንድ አኩፋዳ በልተዋል፤ ኋላ መቋሚያውን ጥለው ኳስ ሲያነሱም አብረው ነው ያነሱት። አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል። የተጋጣሚ አጥቂ ተጠግቷቸው ሲቆም ከፋለ «ውጣ!» ይላል፤ ሁለቱም እኩል ወደ ፊት ይራመዳሉ፤ አጥቂው ከኋላቸው ብቻውን ይቀራል፤ ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ብሎ ያፏጫል። ላስታን ሙሉ ያስለቀሱት በዚህች አንዲት እርምጃ ነበር።

የዚያን ቀን ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ሲል አንድ ረጅም ኳስ መጣ። ከፋለ «ውጣ!» አለ፣ ወጣ፣ እጁንም ለመስመር ዳኛው ወደ ሰማይ አነሳ። አራጋው አልወጣም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆሟል። የፍላቂቱ አጥቂ በከፋለ አጠገብ ሽው ብሎ አለፈ፣ በረኛውን አታለለ፣ አገባ። ከፋለ እጁን እንዳነሳ ነበር። ፍላቂቶች ተቃቅፈው መሬት ላይ ሲንከባለሉም እጁን እንዳነሳ ነበር፤ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ጠቅልሎ ወደ መሀል ሲሮጥም እንዲሁ። ያኔ ከሕዝቡ መሀል አንድ ጎርናና ድምፅ «እጅህን አውርድ!» አለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እየተሸነፉ የሚስቁ ሰዎች አይታችሁ ካላወቃችሁ ላሊበላዎች ያን ቀን ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ይኸው ሆነ። ገበያ ሲወጣ «እጅህን አውርድ»፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ከጀርባው በሹክሹክታ «እጅህን አውርድ»። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡ ሰዎች እንኳ ልካቸውን ሲያስለኩ እጃቸውን አንስተው ይቆሙና ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

አራጋው «ባቴን ሸምቅቆኝ ነው» አለ። ከፋለም መጀመሪያ ላይ ሊያምነው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ወር ሳይሞላ ግን አራጋው ጓዙን ሸክፎ ፍላቂት ወጣና የፍላቂት ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። እዚያው ሌላ ሚስት አገባ። ላሊበላ ላይ ይማርሽ የምትባል ሚስቱንና የሻው የሚባል ልጁን ትቶ ነው የሄደው። ባቱን የሚሸመቅቀው ሰው እንዲህ አይሮጥም አለ ከፋለ፣ ከዚያም እምነቱን ዘግቶ ቂሙን ከፈተ።

መጫወቱን ተወና አሰልጣኝ ሆነ። ሌላው ሰው ዋንጫ ይፈልግ ነበር። ከፋለ ዋንጫውን አልፈለገም፤ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አራጋው በላሊበላ ሜዳ፣ በላሊበላ ሕዝብ ፊት፣ እጁን አንስቶ ተገትሮ እንዲታይ። ሌሊት ጋደም ሲል የሚያየው ይህንኑ ነበር፤ የስፌት መኪናውን ሲረግጥም መርፌዋ ጨርቅ ላይ ስትወርድ ስትወጣ «አራጋው፣ አራጋው» የምትል ይመስለው ነበር።

ስለ ቡድኑ ክርክሩ ሁሉ የሚካሄደው በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ነው። ዋነኞቹ ተከራካሪዎች ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ጠላ ሻጯ ማሚቱ ናት፤ የቡድኑን ጨዋታ አንድም ሳይቀርባት የምታይ፣ ዳኛ የምትሳደብ፣ ሲያሸንፉ በሠርግ ከበሮዋ ከተማውን የምትቀሰቅስ። ሁለተኛው አስጎብኚው ወንዴ ነው። ሆቴል ቤት ዲሽ እያየ የአውሮፓ አሰላለፍ ያጠናል፤ ፈረንጅ ሲያጣ ይመጣና ያጠናውን ያወርድባቸዋል።

«መከላከያ የሚሠራው በሰው ነው» አለች ማሚቱ፣ የመጀመሪያው ዓመት ሊጀመር ሲል። «ሲገፉት የማይወድቅ ሰው አምጣ። ኩልመስክ ሂድ፣ በሬ ጠምደው የሚውሉትን አምጣልኝ።»

«እሱ ድሮ ቀረ እትዬ ማሚቱ» አለ ወንዴ። «አሁን መከላከያ ሥርዓት ነው። ሰው ሳይሆን ቦታ ነው የሚጠበቀው።»

«ቦታ ጎል አግብቶ ያውቃል? ቦታ ለምን ይጠበቃል?»

ከፋለ የማሚቱን ሰማ። ከኩልመስክ አንገታቸው የማይዞር አራት ጎረምሶች አመጣ። ኳሷ ብታልፍ ሰውየው አያልፍም ነበር፤ ችግሩ ሰውየው ጎሉ ፊት ተገጭቶ ወድቆ መቅረቱ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት በቅጣት ምት ላይ እየተሰጠባቸው፣ ዓመቱ ሲያልቅ የላሊበላ በረኛ እጁን ዘርግቶ መሀል ላይ መቆም ብቻ ሆነ ሥራው። የፍላቂት ሰዎች ወደ ላሊበላ ሲመጡ ዘፈን አወጡላቸው። አራጋውም ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ ከፋለን በዐይኑ ፈልጎ ሰላም አለው። ያ ሰላምታ ከዘፈኑ ይልቅ አንገበገበው።

በሁለተኛው ዓመት የወንዴ ተራ ሆነ። ከወልዲያ ኳስ የሚችሉ ልጆች መጡ፤ ጸጉራቸውን የተቆረጡ፣ ሜዳ ሲገቡ መሬት ነክተው የሚያማትቡ። እያንዳንዳቸው ቆንጆ ተጫዋች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም። ቀኙ ሲወጣ ግራው ይቀራል፣ ግራው ሲጮህ መሀሉ ዞሮ «ምን አልክ?» ይላል። እነሱም ሳይቆዩ፣ ጾም ሳይገባ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እያሳበበ ወደ ወልዲያ ተመለሱ። «ይኸው ሥርዓትህ!» አለችው ማሚቱ ወንዴን፤ ለአንድ ወር ጠላ አልቀዳችለትም።

ከፋለ ሐሳቡን ያገኘው በገና ዕለት ነው። እንደ ሁልጊዜው የቤተ ማርያም ግቢ አፋፍ ላይ ካህናቱ ረጅም መስመር ሠርተው ያሸበሽባሉ፤ ታች ደግሞ ሌሎች ቆመው ይመልሱላቸዋል። ከፋለ ይህን ከተወለደ ጀምሮ ያየዋል። ያን ቀን ግን የሚያየው እግራቸውን ነበር። መቶ ሰው አንድ ላይ ጎንበስ፣ አንድ ላይ ቀና፣ አንድ ላይ አንድ እርምጃ። አንድም ሰው ወደ ኋላ የቀረ የለም። «እንዴት ያለ መከላከያ ነው ጃል!» አለ ሳያስበው፤ አጠገቡ ያሉ አንዲት ምእመን ዞረው ገላመጡት።

በማግሥቱ መሪጌታ አለሜ ዘንድ ሄደ። ያስተማሩትን ጥሎ ኳስ በመከተሉ አሁንም ያልተዋጠላቸው አዛውንት ናቸው። ጉልበታቸውን ስሞ ቁጭ አለና ፍላጎቱን ነገራቸው።

«ዝማሜ ለኳስ?» አሉ መሪጌታ። «አንተ ልጅ፣ እኔን ከምታሳፍረኝ ሌላ ሥራ የለህም?»

«ዝማሜውን አልወስድም የኔታ። ልጆቹን ብቻ ይስጡኝ። እርምጃውን እኔ አሳያቸዋለሁ።»

«የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ኳስ ሜዳ አይወርድም።»

«አይወርድም። የማሚቱ የሠርግ ከበሮ አለ።»

ጺማቸውን እያፍተለተሉ በሦስት ነገር ፈቀዱ፦ ልጆቹ ቅዳሴ እንዳይቀርባቸው፣ በጾም ቀን ልምምዱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲሆን፣ ዳኛ እንዳይሰድቡ። ከፋለ ሁሉንም እሺ አለ። አራት ተማሪዎች መረጠ። ከአራቱ መሀል ረጅሙና ዝምተኛው፣ መሪጌታም «ይህ ልጅ ጆሮ አለው» ያሉለት፣ የሻው ነው። የአራጋው ልጅ።

በረንዳው ተቃጠለ። «የከሃዲ ልጅ መሀል ተከላካይ?» አለች ማሚቱ። «አባቱ በመጨረሻዋ ደቂቃ የቀረ፣ ልጁስ ምን ያደርጋል?» ወንዴም ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሚቱ ጋር ተስማማ። ከፋለ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «ልጁ አባቱ አይደለም» አለ። የሰሙት ሁሉ ትልቅ ልብ አለው አሉ። ልቡን ግን እሱ ነው የሚያውቀው። አራጋውን በሌላ ሰው ቢያዋርደው ግማሽ ደስታ ነው፤ በገዛ ልጁ ሲያዋርደው ነው ሙሉ የሚሆነው። ይህን ሐሳብ አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ነበር የሚያገላብጠው።

ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ልጁን ወደደው። የሻው ከመላው ከተማ እሱን በዚያ ስም ጠርቶት የማያውቅ ብቸኛ ሰው ነበር። «ጋሼ ከፋለ» ይለዋል፣ ስሙን ሞልቶ፣ ጎንበስ ብሎ። አራጋው በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በፍላቂት ሚኒባስ አዲስ ታኬታ ይልክለታል። ከፋለ ይህን ሲሰማ «የሱን ጫማ አድርገህ እኔ ሜዳ አትገባም» አለው። «እሺ ጋሼ» አለ የሻው፤ ታኬታውን አልጋው ሥር አስቀመጠው። ከፋለም የገዛ አሮጌ ታኬታውን፣ ያን ቀን እጁን ሲያነሳ ያደረገውን፣ በራሱ መርፌ ጠግኖ ሰጠው። ጫማው ለልጁ ይጠበው ነበር፤ ሁለቱም ይህን አልተነጋገሩበትም።

ነገሩ መሥራት ጀመረ። ማሚቱ ከመስመሩ ውጪ ቆማ ከበሮዋን አንድ ጊዜ ድም ስታደርግ አራቱ ልጆች አንድ ላይ አንድ እርምጃ ይወጣሉ። ድም፣ እርምጃ። ድም፣ እርምጃ። በዚያ ዓመት፣ ከፍላቂት ጋር ዕጣ ባይደርሳቸውም፣ የላሊበላን መከላከያ ያለፈ አልነበረም። የሌላ ወረዳ አጥቂዎች ከበሮው ለጭፈራ የሚመታ እየመሰላቸው እንደ በግ ከጨዋታ ውጪ ሲነዱ ይውሉ ነበር። ከፋለም ከተማ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ፤ እጁን ግን ገና አላነሳም።

በቀጣዩ ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ ከፍላቂት ጋር፣ እዚያው ፍላቂት ላይ ሆነ። በአይሱዙ ተጭነው በጋሸና አድርገው ወጡ፤ ንፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ ነው። ሜዳው ሲደርሱ ማሚቱ ከበሮዋን አንግታ ወረደች። ጨዋታው ተጀመረ። የፍላቂት አማካይ ኳስ ይዞ ቀና ሲል ከወዲያኛው ጥግ፣ ከፍላቂት ደጋፊዎች መሀል፣ ሌላ ከበሮ ድም አለ።

አራቱ ልጆች ወጡ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እግራቸው ሰማ፣ ወጡ። ኳሷ ግን ገና ከአማካዩ እግር አልተለየችም። ከመሀል ሜዳ የተነሳ ሌላ ሰው በመካከላቸው ሰንጥቆ ገባና አገባ። ከበሮው እንደገና ድም፣ እንደገና ጎል። የሻው «አትስሙት! አትስሙት!» እያለ ይጮሃል፤ በጆሮ ያደገን እግር ግን ማን ያቆመዋል? ሦስተኛው ሲገባ ከፋለ ወደ አራጋው ዞረ። ሰውየው እዚያው የመሪጌታ አለሜ ደጅ ያደገ ነው፤ ያችን እርምጃ ያወቀው ከፋለ ባወቀበት ቦታ ነው። ያንን እንዴት ረሳሁት ብሎ ከፋለ የገዛ ጣቱን ነከሰ።

ሲመለሱ አይሱዙው ላይ ማሚቱ ነጠላዋን ከበሮው ላይ ጥላ ታለቅስ ነበር። «ቤት ስደርስ እሰነጥቀዋለሁ» አለች።

«አትሰነጥቂውም» አለ ከፋለ። «የሚቀጥለው ዓመትም ትመቺዋለሽ። ከአሁን የበለጠ ነው የምትመቺው።»

ወንዴ ያበደ መሰለው። ከፋለ ግን ሜዳ ላይ እጁን አንስቶ ከቀረባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ክፉ ፈገግታ ነበር።

መሪጌታ ዘንድ እንደገና ሄደ። «የኔታ፣ ከበሮ ሳይኖር እንዴት አንድ ላይ ይነሳል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ከበሮማ ለጀማሪ ነው» አሉ። «የቆየው የሚያየው የጎረቤቱን ትከሻ ነው።»

ክረምቱን ሙሉ፣ ሰው በማይደርስበት ከከተማው ማዶ ባለ ለጥ ያለ ግጦሽ ላይ፣ ሌላ ነገር ተማሩ። ሦስቱ የየሻውን ትከሻ ያያሉ። ትከሻው ሲነሳ ይወጣሉ፤ ካልተነሳ ሰማይ ቢደፋ አይነቃነቁም። ማሚቱ አጠገባቸው ቆማ እንደ እብድ ከበሮዋን ትደልቃለች፤ እነሱ ዝም። መጀመሪያ እግራቸው እየከዳቸው ይወጡ ነበር። መስከረም ሲጠባ ከበሮው ለእነሱ እንደ ዝናብ ሆነ፤ ይሰሙታል፣ አይሰሙትም። በየሳምንቱ ጨዋታ ላይ ግን ማሚቱ ስትመታ አብረው ይወጡ ነበር፣ እንደ ድሮው፣ አራጋው የላካቸው ሰዎች እንዲያዩ። ምስጢሩ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር የሚቀመጠው።

የሚሌኒየሙ ዓመት ነው። ዋንጫው ላይ «2000» ተጽፎበታል፣ ከተማው በባንዲራ ተሸልሟል፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላሊበላ ላይ ነው፣ ተጋጣሚው ፍላቂት። ከፋለ ያን ዕለት ጠዋት ቤተ ጊዮርጊስን ሲሳለም ምን ብሎ እንደ ጸለየ ልንገራችሁ? «ዋንጫውን ተወው፣ እጁን ብቻ አሳየኝ» ነው ያለው። ጸሎት ከሆነ።

ከፍላቂት ደጋፊዎች መሀል ያ ከበሮ አብሮ መጥቷል። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ሁለቱ ከበሮዎች ተቀባበሉ። የፍላቂት ከበሮ ድም ሲል ሰንጣቂው ሰው ከመሀል ይነሳል፤ መንገዱ ተከፍቶ ይጠብቀኛል ያለው ልጅ አራት ሰው እንደ ግንብ ቆመው ያገኛል። ማሚቱ ስትመታም አይወጡም። ማንም ሳይመታ፣ አጥቂዎቹ ጆሯቸውን ከበሮው ላይ ጥለው ዘና ብለው ሲቆሙ፣ የሻው ትከሻውን ያነሳል፤ አራቱም ይወጣሉ፤ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ብድግ። አሁንም ብድግ። አሁንም። የፍላቂት አጥቂዎች ወደ አሰልጣኛቸው እያዩ እጃቸውን መዘርጋት ጀመሩ። አራጋው ከበሮ መቺውን «ተው! አቁም!» ሲል ታየ። ከፋለ ያን ሲያይ ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ጣፈጠው።

ከእረፍት በኋላ ነው የሆነው። የፍላቂት አጥቂ ለስንተኛ ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተያዘና ከዳኛው ጋር ጭቅጭቅ ጀመረ፤ ጓደኞቹም ተሰበሰቡ። የሻው ኳሷን መሬት ላይ አቁሞ ሳይጠብቅ በረጅሙ ላካት። የላሊበላ አጥቂ ብቻውን ይሮጣል። የፍላቂት ተከላካዮች ቆመው ወደ መስመር ዳኛው ያያሉ። አራጋው ከመስመሩ ጫፍ ሮጦ ገባና ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። «ከጨዋታ ውጪ! ከጨዋታ ውጪ!» ባንዲራው አልተነሳም። ኳሷ መረብ ነካች። አራጋው እጁን እንዳነሳ ቀረ።

ከፋለ ያን ሁሉ ዓመት ያሰበውን ነገር ፊት ለፊቱ አየው። እዚያው ሜዳ፣ እዚያው ሕዝብ፣ እዚያው እጅ። ደስ አለው። ሌላ ሰው ባዶነት ተሰማው ሲባል ይሰማል፤ ከፋለ አልተሰማውም፤ ከጥፍሩ እስከ ጸጉሩ ደስ አለው። ሕዝቡ ገና ለጎሉ ሲጮህ እሱ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፣ «እጅህን አውርድ!» አለ።

ሜዳው ተቀበለው። ላሊበላ በሙሉ፣ ከልጅ እስከ አዛውንት፣ «እጅህን አውርድ! እጅህን አውርድ!» ማሚቱ በከበሮዋ ትመታዋለች። አራጋው እጁን አወረደና አንገቱን ደፋ። ከፋለም ያን ጊዜ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ የገዛ እጁን አንስቶ ለሕዝቡ አወዛወዘ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ወደ የሻው አየ፤ ልጁ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ አባቱ ነበር የሚያየው።

ቀሪውን ጨዋታ የሻው አንድም ሳይሳሳት ጨረሰ። ትከሻው በተነሳ ቁጥር ባንዲራው ይነሳል። አንድ ለዜሮ አለቀ።

ማምሻውን ማሚቱ ቤት ሰው ከበር ወጥቶ መንገድ ላይ ይጠጣ ነበር። የሻው መጣ። ታኬታውን፣ የከፋለን አሮጌ ታኬታ፣ ታጥቦ ክሩ ተጠቅልሎ ይዞታል። ከፋለ ፊት አስቀመጠው።

«ምነው? ያንተ ነው እኮ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከተማው ሙሉ በዚያ ስም ሲጠራዎት፣ እኔ አንድ ቀን ጠርቼዎት አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለ ከፋለ። «በእናትህ፣ አታውቅም።»

«አባቴን ግን መጀመሪያ የጠራው የእርስዎ ድምፅ ነው። ሌላው ሳይጀምር ነው የሰማሁት።»

«እሱስ ያደረገኝን አታውቅም?»

«እሱ ያደረገዎትን ለሱ ይንገሩት። እኔን አሳድገው፣ አሠልጥነው፣ በእኔ ነው ያዋረዱት። እኔ ምን በደልኩዎት?»

ከፋለ ታኬታውን መልሶ ወደ ልጁ ገፋው።   የሻው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው፣ እንደ ወትሮው፣ ምንም ሳያጓድል፣ ከዚያም ወጣ። በሳምንቱ ይማርሽ እያለቀሰች ወደ ፍላቂት የሚሄደው ሚኒባስ ድረስ ሸኘችው፤ አልጋው ሥር የነበሩትን ታኬታዎች በከረጢት ይዞ ነበር።

በረንዳው ላይ ክርክሩ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። ማሚቱ የኩልመስክ ሰው ይምጣ ትላለች፣ ወንዴ የወልዲያ። ከፋለ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያብሰለስለው። አሁን ቂሙ ሁለት ሰው ላይ ሆኗል፤ አንዱን ሊጠላው ሞክሮ አልሆነለትም፣ ስለዚህ የሁለቱንም አራጋው ላይ ደረበው። «ልጁን ሰረቀኝ» ይል ነበር፤ አባትየው ሰረቀኝ ቢል ኖሮ ምን እንደሚመልስለት አስቦት አያውቅም። ለቀሩት ሦስት የመሪጌታ ተማሪዎች አራተኛ ፈልጎ አንድ አዲስ ልጅ አስገባና ክረምቱን እንደገና አስጨነቃቸው። «ፍላቂት ላይ እናሳያቸዋለን» ይላቸዋል። ልጆቹ የሚያዩት ትከሻ ግን አጥተው፣ እርስ በርስ እየተያዩ፣ አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲዘገይ ይውሉ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጥር፣ ፍላቂት ሜዳ ላይ ጭጋግ ወርዷል። የፍላቂት መከላከያ በሙሉ ተለውጧል፤ መሀል ላይ የሻው ቆሟል፣ አዲስ ታኬታ አድርጎ። ከበሮ የለም፣ ጩኸት የለም። ትከሻው ይነሳል፣ አራቱ ይወጣሉ፣ የላሊበላ አጥቂ ብቻውን ይቀራል። ከፋለ የሠራውን ያውቀዋል፤ የሚያልፍበትን ግን አያውቅም፣ እንዳይታለፍ አድርጎ ነዋ የሠራው።

ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ፍላቂቶች አንድ ረጅም ኳስ ላኩ። የላሊበላ ተከላካዮች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ወጡ። የከፋለ ቀኝ እጅ ሳያስበው ወደ ሰማይ ወጣ። ሦስት ነበሩ የወጡት። አዲሱ ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቷል። አጥቂው አለፈ፣ አገባ። የፍላቂት ሕዝብ ፈነደቀ። አዲሱ ልጅ መሬት ላይ ወድቆ እግሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ይንፈራገጣል።

«ባቴን ጋሼ!» ይላል። «ባቴን ሸምቅቆኝ ነው፣ በማርያም!»

ከፋለ ሰማው። እጁ እላይ ነበር። ማዶ ለማዶ አራጋው ቆሞ ያየዋል፤ አልሳቀም፣ ሰላምም አላለውም። ሕዝቡ ገና ለጎሉ እየጮኸ ነው፤ ወደ ከፋለ ለመዞር ትንሽ ይቀረዋል።

የሻው ከሌላው የሜዳ ጫፍ እየሮጠ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር አልጨፈረም። ልጁ አጠገብ ተንበርክኮ ታኬታውን ጨበጠና ጣቶቹን ወደ ኋላ እየገፋ ባቱን አፍታታለት፣ ከፋለ እንዳስተማረው። ልጁ መተንፈስ ሲጀምር ተነስቶ በመስመሩ በኩል ወደ ቦታው ሄደ፤ ከፋለ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ።

«ጋሼ» አለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ፣ «እጅዎን ያውርዱ።»